ውጤቱን ተዉት፣ ስሕተቱን ያዙት

የአሜሪካን የሕክምና ፈቃድ ፈተና፣ ዩኤስኤምኤልኢን፣ የሚያጠኑ ሐኪሞቻችን ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት እያመጣህ ነው?» የሚል ነው። አዲስ አበባ ከዲውቲ መልስ የሚያጠናውም፣ ዋሽንግተን አካባቢ ቀን ሠርቶ ማታ መጽሐፍ የሚገልጠውም የሚመልሰው በፐርሰንት ነው። 58 ያለው አንገቱን ይደፋል፤ 74 ያለው መካሪ ይሆናል። ወደ ዱባይና ወደ ሳውዲ ለመሄድ «ፕሮሜትሪክ» የሚባለውን ፈተና የሚያጠኑ ነርሶችም፣ አገር ቤት የሙያ ፈቃድ ፈተና የሚጠብቁ ምሩቃንም ከዚህ ልማድ አልራቁም። ልማዱን ያቆመው አንድ እምነት ነው፦ የልምምድ ጥያቄ ውጤት የተፈታኙን ልክ ያሳያል፤ ስለዚህ በየቀኑ ሊታይ ይገባል፤ ሲወርድ የማይጨነቅም የምሩን አያጠናም።

ይህ እምነት ስሕተት ነው። ጉዳቱም እንቅልፍ በመንሳት አያበቃም። የልምምድ ጥያቄ የሚዘጋጀው ለማስተማር ነው፤ እኛ ግን ዳኛ አድርገን ሾመነዋል። ከሾምነው በኋላ ደግሞ መማሩን ትተን ዳኛውን ማስደሰት ይዘናል።

ከቁጥሩ እንጀምር። በዩወርልድም ሆነ በሌሎቹ የጥያቄ ባንኮች የተለመደው ብሎክ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚሠራው የጥያቄ ስብስብ፣ 40 ጥያቄ ነው። አንዱ ጥያቄ 2.5 ፐርሰንት ይይዛል ማለት ነው። ችሎታው በትክክል 60 ፐርሰንት የሆነ ሐኪም እንውሰድ፤ እጅግ ብዙ ጥያቄ ቢሰጠው ከመቶው ስድሳውን የሚመልስ። ከ40 በአማካይ 24 ያገኛል። ነገር ግን የትኞቹ 40 ጥያቄዎች እንደሚደርሱት የዕድል ጉዳይ ነው። በተራ የዕድል ስሌት ብቻ ውጤቱ ከ21 እስከ 27፣ በፐርሰንት ከ52.5 እስከ 67.5፣ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ከአራት ብሎኮች አንዱ ገደማ ደግሞ ከዚህም ክልል ይወጣል። ትናንት 65 ዛሬ 55 ያመጣ ሰው ልዩነቱ አራት ጥያቄ ነው። አልሰነፈም፣ አልረሳም፣ ወደ ኋላም አልተመለሰም። ሆኖም ያን ዕለት ማታ የጥናት ዕቅዱን ቀዶ ሌላ የሚያወጣ፣ አዲስ የቪዲዮ ትምህርት የሚገዛ፣ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ለቤተሰቡ የሚደውል ሐኪም ሞልቷል። በአራት ጥያቄ ምክንያት!

ዕድሉን ብንተወው እንኳ ቁጥሩ የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። ሰሞኑን ስለ ልብ አንብቦ የልብ ጥያቄ ብቻ የመረጠ ሰው፣ ሁሉንም ቀላቅሎ ከሠራው የተሻለ ያመጣል። ሰዓት ሳይዝ፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ መልሱን እያየ የሠራም ሰዓት ይዞ ከሠራው ይበልጣል። አንድ ጊዜ ያለፈበትን ባንክ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሠራው ደግሞ ሁሉንም ያስከነዳል፤ ብዙውን ጥያቄ ከነመልሱ ያስታውሰዋልና። ሁለት ጓደኛሞች «62»፣ «71» ሲባባሉ ግን ይህን ሁሉ አያነሱም። ባለ 62ቱ ተሸማቆ ይሄዳል፤ ምናልባትም ከሁለቱ በትክክለኛው መንገድ የሚያጠናው እሱ ይሆናል።

አንድ ጥያቄ ቀረብ ብለን እንይ። ሴትየዋ 34 ዓመቷ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረች ሦስት ወር ሆኗታል። ሁለቱም እግሮቿ ከጣቶቿ ጀምሮ ይደነዝዛሉ፣ ያቃጥሏታል። የደም ማነስ የለባትም። የጎደላት የትኛው ቫይታሚን ነው? አንደኛዋ ተፈታኝ «መደንዘዝ» የሚለውን ስታይ ቢ12 መረጠች፤ ተሳሳተች። ሁለተኛው ቢ6 ይሁን ቢ12 አላወቀም፤ ቢ6ን እንዲያው በግምት ነካ፤ አገኘ። እሱ ደስ ብሎት ወደሚቀጥለው አለፈ። እሷ ማብራሪያውን ከፍታ ማንበብ ጀመረች። አይሶናያዚድ የተባለው የነቀርሳ መድኃኒት የቢ6ን ሥራ ያውካል፣ በሽንት እንዲወጣም ያደርጋል። ኤችአይቪ ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ አልኮል የሚያዘወትሩ ሰዎች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ መድኃኒቱ ከቢ6 ጋር የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። ቢ12 ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ የደም ማነስ ይኖር ነበር፤ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ተልቀው ይታዩ ነበር። ይህን ሁሉ በሦስት ደቂቃ አንብባ ጻፈችው።

የጥያቄ ባንኩ የውጤት ሰሌዳ እሱን ከእሷ በአንድ ጥያቄ አስበልጦ መዝግቧል። ነቀርሳ በሞላበት አገራችን፣ በአንድ የሆስፒታል ክፍል ውስጥ ያቺ ሴት በእውነት ተኝታ ብትገኝ ግን ቢ6ን ማን እንደሚያዝላት የታወቀ ነው። ውጤቱ ዕውቀትን ከግምት አይለይም። ከዚያም ብሶ ግምቱን ይሸልማል፣ ትምህርቱን ይቀጣል።

የልምምድ ውጤት መማርን እንደማይለካ የምናገረው እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2007 ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች በደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የአራት ዓይነት ቅርጾችን ይዘት ማስላት አስተማሯቸው። ግማሾቹ ጥያቄዎቹን በዓይነት በዓይነት ለይተው፣ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው እያለፉ ተለማመዱ፤ ግማሾቹ ቀላቅለው። በልምምዱ ጊዜ ለይተው የሠሩት 89 ፐርሰንት፣ ቀላቅለው የሠሩት 60 ፐርሰንት አመጡ። ከሳምንት በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና ተቀመጡ። በልምምዱ 89 ያመጡት ወደ 20 ወረዱ፤ 60 ያመጡት 63 አገኙ። በልምምዱ ሰሞን ሁለቱን ቡድኖች «ስንት እያመጣችሁ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ የሚወድቁትን አመስግኖ የሚያልፉትን ገሥጾ በሄደ ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኬ በሴንት ሉዊስ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ነገር አሳይተው ነበር። አንድን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ 81 ፐርሰንቱን አስታወሱ፤ አንድ ጊዜ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት 75። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት 42፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 ሆነው ተገኙ። በሌላ ሙከራቸው ደግሞ ደጋግመው ያነበቡት «ይበልጥ እናስታውሳለን» ብለው የተማመኑ ነበሩ። ዛሬ የሚቀልለን ነገር ነገ ይከዳናል፤ ዛሬ የሚያንገዳግደን ግን ሥር ይሰድዳል። አባቶቻችን ካልደፈረሰ አይጠራም ያሉት ይኸው ነው።

ታዲያ ቁጥሩ እንዲያምር የሚጨነቅ ሰው ምን ያደርጋል? የሚያውቀውን ክፍል ይመርጣል፤ ኩላሊትን ከጠላ ኩላሊትን «ለኋላ» ያቆየዋል። ሰዓቱን ያጠፋል። የተሳሳተውን ጥያቄ ማብራሪያ ሳያነብ ያልፋል፤ ማየቱ ያመዋልና። በግምት ያገኘውን ደግሞ «አውቀዋለሁ» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱንም ትምህርት በአንድ ቀን ያጣል ማለት ነው። ትልልቆቹን የመለማመጃ ፈተናዎች «ገና አልደረስኩም» እያለ ይሸሻቸዋል፤ በመጨረሻም የፈተና ቀኑን ያራዝማል። ለፈተናው መቀመጫ የሚሰጠው ፈቃድ የሚጸናው ለሦስት ወር ነው። ማራዘም ገንዘብ ያስወጣል፤ ከገንዘቡ የሚከፋው ግን በመጀመሪያው ወር ያነበበው ባዮኬሚስትሪ በስድስተኛው ወር መጥፋቱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሰነፍ ተብሎ አይታማም፤ ቀን ከሌት ይሠራል። የሚሠራው ግን ለሰሌዳው ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የቀን ፐርሰንት የዘመናችን ጥምጥም ነው።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ጠንካራ ነገር አላቸው፤ ላሳንሰው አልፈልግም። «አንተ በቀላሉ ትናገራለህ» ይላሉ። «ከአገር ቤት የሚፈተን ሐኪም ለአንዱ ፈተና ብቻ ከ1,000 ዶላር በላይ ይከፍላል፤ በብር ደሞዝ ስንት ወር እንደሚሆን አስላው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ «ስቴፕ» ከሚባሉት የፈተናው ደረጃዎች አንዱን መፈተን የሚቻለው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ስድስት ነበር። አንድ ጊዜ መውደቅ በውጤት ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ለስፔሻሊስት ሥልጠና፣ ሐኪም የሚመርጡ ፕሮግራሞችም ያዩታል። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ሳይለኩ መግባት ድፍረት ሳይሆን ዕብደት ነው።»

ልክ ናቸው። ሳይለኩ መግባት ዕብደት ነው። እኔም መለካት ይቅር አልልም፤ የምለው የመለኪያውና የማስተማሪያው ዕቃ ይለያይ ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤንቢኤምኢ ራሱ ያወጣቸው የራስ መመዘኛ ፈተናዎች አሉ። እነሱ በአንድ ሚዛን የተመጣጠኑ ናቸው፤ የስቴፕ 1ዱ 200 ጥያቄ ስላለው ዕድል የሚጫወትበት ቦታ ያንሳል፤ የማለፍ ዕድልህ ይህን ያህል ነው ብሎም ይገምታል። እነዚህን በጥናቱ መጀመሪያ፣ በመካከልና ከፈተናው ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ እውነተኛው ፈተና በሚሰጥበት ሁኔታ መውሰድ ብልህነት ነው። ውጤቱ ዝቅተኛ ከሆነ ቀኑን አዛውሩ፤ ያን ጊዜ ማራዘም ምክንያት አለው። የዕለት ብሎኩ ግን ለዚህ ውሳኔ አይሆንም። ገንዘቡ ብዙ፣ ዕድሉ ጥቂት መሆኑም የሚያስገድደው ይህንኑ ነው፦ አራት ዕድል ብቻ ያለው ሰው በ40 ጥያቄ ወሬ ላይ ተመሥርቶ ሊወስን አይገባም።

ሌላም ያነሣሉ። ስቴፕ 1 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 26 ቀን 2022 ጀምሮ በሦስት አኃዝ ቁጥር መነገሩ ቀርቶ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ሆኗል። ለውጡ ከመጣባቸው ምክንያቶች አንዱ ቁጥሩ የተማሪዎችን ሕይወትና ትምህርት መቆጣጠሩ ነበር። በዚያው ዓመት የሚያልፉት ሰዎች መጠን ከቀደመው ዓመት ቀነሰ፤ ከአሜሪካ ውጭ በተማሩት ላይ ደግሞ ይበልጥ ቀነሰ። «አየህ?» ይሉኛል፤ «ቁጥሩ ሲነሣ ሰው ተዘናጋ።» የማለፊያው ነጥብ በዚያው ጊዜ ከ194 ወደ 196 ከፍ ማለቱን መርሳት አይገባም። ይሁንና የተዘናጋ ሰው ሊኖር ይችላል እንበል። ያ የሚያሳየው ለ240 ነጥብ ያጠና የነበረ ሰው ለማለፊያው ብቻ ማጥናት መጀመሩን ነው። ጥናቱን ለቁጥር የሠራ ሰው ቁጥሩ ሲነሣ ጥናቱም ይነሣበታል። ይህ የእኔን ክርክር ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም፦ በቁጥር ላይ የቆመ ትጋት ቁጥሩ በሄደበት ይሄዳል። ጭንቀቱስ ቢሆን መች ጠፋ? ቁጥሩ ወዳልተነሣበት ወደ ስቴፕ 2 ተዛወረ።

«ጭንቀት ያነቃል» የሚለውም አለ። ጥቂት ፍርሃት አልጋ ላይ የተኛን ሰው እንደሚያስነሣ አልክድም። ግን የፈተናውን ቅርጽ አስቡት፤ ስቴፕ 1 በብሎኮች የተከፈለ፣ እስከ 280 ጥያቄ ያለው፣ በአጠቃላይ የስምንት ሰዓት ቀን ነው። በሦስተኛው ብሎክ አምስት ከባድ ጥያቄ የገጠመው ሰው አራተኛውን ብሎክ በሰከነ ልብ መክፈት አለበት። ወራቱን ሁሉ በየስሕተቱ ቀይ ምልክት ልቡ ሲወርድ የከረመ ሰው፣ በዚያ ቀን ከየት አምጥቶ ይሰክናል? የተለማመደው መደንገጥን ነው። ስሕተቱን ገልጦ እያነበበ የከረመው ግን «ይህን አላውቀውም፣ እንለፍ» ማለትን ተለማምዷል።

ይህ ጭንቀት ከየት እንደመጣም እንነጋገር። ሐኪሞቻችን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የውጤት ካርዳቸው ላይ ደረጃ ሲጻፍላቸው ያደጉ ልጆች ናቸው። «ስንተኛ ወጣህ?» ያላለ አባትና አጎት የለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሕክምና ያስገባቸው በአንድ ቁጥር ነው። እንዲህ ያደገ ሰው ስሕተትን እንደ ኀፍረት ቢያየው አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚሁ አገር ሌላም የትምህርት ባህል አለን። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ ጓደኞቹ እየሰሙ ይናገራል፤ የኔታም ዜማው የተሰበረበትን፣ ሰዋስውና ምሥጢሩ የሳተበትን ያርሙለታል። በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ፐርሰንት አይሰጠውም። የሚሻሻለው በታረመው ልክ ነው፤ መታረሙ ራሱ ትምህርቱ ነውና። ከዚህ የተሻለ የልምምድ ጥያቄ አያያዝ እኔ አላውቅም።

ነገሩ ከፈተናም ያልፋል። የቦስተኑ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ኮድማን ከመቶ ዓመት በፊት ሆስፒታሎች የታከመውን ሰው ሁሉ ተከታትለው መጨረሻው ምን እንደሆነ፣ ካልዳነም ለምን እንዳልዳነ ይመዝግቡ ብሎ ተከራከረ። የሰማው ጥቂት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1914 ከማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ለቀቀ። በራሱ ትንሽ ሆስፒታል ከ1911 እስከ 1916 ታክመው ከወጡ 337 ሰዎች ላይ የተፈጸሙ 123 ስሕተቶችን መዝግቦ በመጽሐፍ አሳተማቸው። በዘመኑ ሌሎች ሐኪሞች ስማቸውን ሲጠብቁ እሱ ስሕተቱን በይፋ አስቆጠረ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሞቱና የተጎዱ ሕሙማን ጉዳይ የሚመረመርበት ስብሰባ ከእንዲህ ያለ አስተሳሰብ የተወለደ ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ «ይህን እኔ አላየሁትም ነበር» የሚል ሐኪም ሕይወት ያድናል። የሚደብቅ ሐኪም ያንኑ ስሕተት ይደግመዋል። መደበቅን የት ተማረው? ፈተና ሲያጠና፣ ቀይ ምልክቱን ሳያነብ ሲያልፍ።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ብሎኩን ቀላቅላችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። ሲያልቅ ፐርሰንቱን ከማየታችሁ በፊት ወደ ጥያቄዎቹ ግቡ። በየጥያቄው ላይ በምትሠሩበት ጊዜ «እርግጠኛ» ወይም «ግምት» የሚል ምልክት አድርጉ፤ በግምት የተገኘውን ከተሳሳታችሁት እኩል ቁጠሩት። አንድ ደብተር ያዙ። የእያንዳንዱን ስሕተት ምክንያት በአንድ መስመር ጻፉ፦ አላነበብኩትም ነበር፤ አንብቤው ረሳሁት፤ ጥያቄውን በጥድፊያ አነበብኩት፤ ሁለት ላይ ደርሼ የተሳሳተውን መረጥኩ። እነዚህ አራት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ያላነበበ ያንብብ፤ የረሳ በየጥቂት ቀኑ ራሱን ይፈትን፤ የተጣደፈ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ማንበብ ይልመድ፤ ሁለት ላይ የሚቀር ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ምን እንደሚለያቸው ይጻፍ። ፐርሰንቱ ከእነዚህ አንዱንም አይነግራችሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ገልጣችሁ ያው ስሕተት ተደግሞ እንደሆነ እዩ፤ ካልተደገመ እያደጋችሁ ነው፣ ሰሌዳው ምንም ቢል።

የምታስጠኑ ወንድምና እህቶችም ጥያቄያችሁን ለውጡ። ከእናንተ በኋላ የመጣውን ልጅ ስንት እንዳመጣ አትጠይቁት፤ ዛሬ ምን እንደተሳሳተና ለምን እንደተሳሳተ ጠይቁት። መመለስ ካልቻለ 80 ቢያመጣም ሥጋት አለበት። በዝርዝር ከመለሰ 55 ቢያመጣም መንገዱን ይዟል፤ ይህንኑ ንገሩት። የተጨነቀ ሰው ተረጋጋ ስላሉት አይረጋጋም፤ የሚረጋጋው የሚሠራው ሥራ ሲሰጠው ነው፤ ስሕተትም በቂ ሥራ ነው። ይህ ፈተና የሚፈልገው በየዕለቱ ከፍ ያለ ቁጥር ያየ ሰው አይደለም። ፈተናውን ካለፍን በኋላ የሚቀበለን ሕመምተኛም ስለዚያ ቁጥር አይጠይቀንም፤ ያላወቅነውን ማወቃችንን ግን በሕይወቱ ይፈትነዋል።